ሞተሩ እስኪበርድ

ነገሪ በዚያ ሳምንት ለሰው የሚሆን ሰው አልነበረም። ሲቀመጥ ይነሳል፣ ሲነሳ መልሶ ይቀመጣል። ቁልፍ ላምጣ ብሎ ወደ ቤት ይገባና ምን ፈልጎ እንደገባ ጠፍቶት ባዶ እጁን ይወጣል፤ ቁልፉን የሚያገኘው የገዛ ኪሱ ውስጥ ነው። ጎባ ላይ እንደ እርሱ የሰከነ ሾፌር የለም ተብሎ የተወራለት ሰው ነው እንግዲህ ይሄ። ያወሩለት ሰዎች በዚያ ሰሞን ግቢው ገብተው ቢያዩት ኖሮ ወሬያቸውን ይመልሱ ነበር።

ላንድሮቨሩ ግቢው መሃል ኮፈኑን አውልቆ ቆሟል። መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ ክዳን ተፈትቶ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። በክዳኑና በሞተሩ አካል መካከል ተነጥፋ ውሃውን ከዘይቱ፣ ዘይቱን ከእሳቱ የምትለየው ስስ ሉህ፣ ጓርኒሲዮኗ፣ ተቃጥላ አንድ ጎኗ ተበልቷል። ነገሪ አውጥቶ አጥሩ ላይ ሰቅሏታል። ሊጥላት ያነሳታል፣ ያያታል፣ መልሶ ይሰቅላታል። አዲሷ ከሻሸመኔ እስክትመጣ ድረስ የሚፋቀውና የሚታጠበው ሥራ ሞልቶለታል፤ ሥራው የያዘው ግን እጁን ብቻ ነው።

ሞተሩን ያቃጠለው ራሱ ነው። ይህንን እርሱ ለማንም አይናገርም እንጂ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ጎባ ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ራዲያተር ውስጥ ያደረ ውሃ አይምርም፤ በረዶ አድርጎ ያሳብጠውና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መኪና ያለው ሁሉ ማታ ማታ ውሃውን ያፈሳል፣ ጠዋት ጠዋት ምድጃ ላይ የሞቀ ውሃ ይሞላል። የቆላ ሾፌር ይህ ጣጣ የለበትም፤ የባሌ ደጋ ሾፌር ግን ፊቱን ሳይታጠብ የሚያደርገው ነገር ይሄ ነው። ነገሪ አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም ነበር። የረሱትን ሲያፌዝባቸው ነው የኖረው።

ታዲያ አንድ ምሽት የራዲያተሩን ውሃ እያፈሰሰ ሳለ ፀዳለ በአጥሩ በር ብቅ አለች። ፀዳለ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ የደብረ ብርሃን ልጅ። ጎባ ከመጣች አራት ዓመት አልፏታል። ከተማው "ሲስተር" ይላታል፤ ነገሪም እንደ ከተማው "ሲስተር" ይላታል።

"ነገሪ፣ ተዛወርኩልህ" አለችው።

"ወዴት?"

"አርባ ምንጭ። ቅዳሜ መነሳት አለብኝ። እስከ ሻሸመኔ ታደርሰኛለህ አይደል? ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ አለ።"

"ምን ችግር አለ" አላት።

ምን ችግር አለ! ይህቺ አጉል መልስ ከአፉ እንዴት እንደወጣች እግዜር ይወቅ። ነገሪ ፀዳለን ይወዳት ነበር። ሚስጥር ነው ቢባል እንኳ ከእርሱ በቀር ለማንም ሚስጥር አልነበረም። ሚስቱን በሞት ካጣ ወዲህ ሌላ ሴት በሩን እንድትረግጥ ያልተመኘ ሰው፣ ይህቺን ልጅ ከፈንጣጣ ክትባት ሳጥኗ ጋር ጭኖ ወደ ጎሮ፣ ወደ ገጠሩ ሁሉ ይዟት ሲዞር፣ መንገዱ ባያልቅ እያለ ማርሹን ቀስ ብሎ የሚቀይር ሰው ሆነ። ሊነግራት ሲል ግን ምላሱ ይተሳሰርበታል። ነገ እነግራታለሁ ሲል፣ ያ ነገ እንዲህ አራት ዓመት ወሰደ።

በማግስቱ የጎሮ ገበያ ነበር። ነገሪ ሲገላበጥ አድሮ ተነሳ፣ ገበያተኞቹን ጭኖ ወጣ። ምድጃው ላይ ውሃው ይንፈቀፈቃል፤ የሚቀዳው ሰው የለም። ሮቤ ሳይደርስ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ቀጥ አለ፣ የከሰለ ዘይት ሸተተ። ገበያተኞቹ ዶሮና ቅቤያቸውን ይዘው ወረዱ። አንዷ ሴትዮ ጎንበስ ብላ አየችና "ውሃ የለውም እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ነገሪ ኮፈኑን ዘጋባት። የእህል መኪና የሚነዳው መሸሻ አግኝቶት በገመድ ጎትቶ ጎባ አስገባው፤ ያውም በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

"አይዞህ" አለው መሸሻ ሲሰነባበቱ ሳቁን አፍኖ፣ "ሻሸመኔ መሄዴ ነው፤ ጓርኒሲዮኗን እኔ ይዤልህ እመጣለሁ።"

ነገሪ ለጓርኒሲዮኗ አመሰገነው፤ ለሳቁ ግን በጥፊ ቢያጮለው ደስ ባለው ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ተገላበጠበት። ሞተሩ ካልተሠራ ፀዳለ ቅዳሜ መሄጃ የላትም። ሞተሩ ከተሠራ ደግሞ ሠርቶ የሚሸኛት እርሱ ነው። በገዛ እጁ ፍቆ፣ በገዛ እጁ ገጥሞ፣ በገዛ መኪናው ወስዶ ሻሸመኔ ላይ ሊያወርዳት ነው። ይህንን እያሰበ ቴስታታውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። ይፈትግና ይተወዋል፣ ይዞርና ይመጣል፣ እንደገና ይፈትጋል።

ቤት ውስጥ የሚያጽናናው ሰውም አላገኘም። ሽቶ የምትባለው ታላቅ እህቱ፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ፣ ከእርሱ ጋር ትኖራለች፤ ቤቱን የምትገዛው እርሷ ናት። በዚያ ሳምንት ግን ተኳረፉ። ያኳረፋቸው ትሪ ነው። ነገሪ ቦሎንና ዳዶውን የሚያጥብበት ዕቃ ቢያጣ፣ ሽቶ ለከበረ እንግዳ ብቻ የምታወጣውን ባለ አበባ ትሪ ወስዶ ላምባ ሞላበት።

"ያ ነገሪ! ይሄ ምንድን ነው?" አለች ሽቶ ስታየው።

"እትዬ፣ አጥቤ እመልስልሻለሁ።"

"ላምባ በጠጣ ትሪ ለሰው እህል ላቀርብ? እንግዲህ አንተም አታውቀኝ፣ እኔም አላውቅህም።"

እንዳለችውም አደረገች። ምግቡን ታቀርባለች፣ ሳህኑን ታነሳለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። ሽቶ ማኩረፍ ታውቅበታለች፤ አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው በመሃል ተዘናግታ አታወራም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፀዳለ መጣች። ነጭ ልብሷን ሳታወልቅ ካፖርት ደርባበታለች። ነገሪ ቴስታታውን አገላብጦ፣ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሞበት፣ ተጣሞ እንደሆነ በስሩ ብርሃን ያልፍ አያልፍ ያያል።

"እህ፣ በሽተኛው እንዴት ነው?" አለች።

"አልተጣመመም። ይድናል።"

"ለቅዳሜ?"

"ለቅዳሜ።"

ፀዳለ አጥሩ ሥር የተጋደመ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ነገሪ ማስመሪያውን አስቀምጦ ቢላ አነሳ፣ አሮጌው ጓርኒሲዮን የተጣበቀበትን ይፍቅ ጀመር። አሁን ካልጠየቅኋት መቼ ነው? ይላል በሆዱ። አማርኛው ግን እምቢ አለው። በአማርኛ መጠየቅ ራቁትን የመቆም ያህል ሆነበት። ኦሮምኛው ይሻላል፤ ኦሮምኛው የሁለቱ የመንገድ ጨዋታ ነው፣ ጥያቄው ቢከፋም ቀልድ ነበር ይባላል።

ፀዳለ ኦሮምኛ የተማረችው ከነገሪ ነው፤ መኪና ውስጥ፣ አቧራና ጭቃ መሃል። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት። በባሌ አነጋገር "እሄዳለሁ" ማለት "ሂን ዴማ" ነው፤ "አልሄድም" ማለት ደግሞ "ሂን ዴሙ"። የሚለያቸው የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ናት፤ እርሷም ሰው ሲጣደፍ ትዋጣለች። አማርኛ ያሳደገው ጆሮ እምቢታን ከፊት ከፊት ስለሚጠብቅ ያቺን ጭራ ልብ አይላትም። ባዳሳ የሚባሉ የጎሮ ሽማግሌ ሳንባ ምች ጥሏቸው በተኙ ጊዜ፣ ፀዳለ አይሞቱም ብላ ልታጽናናቸው "ሂን ዱታ" አለቻቸው። ትሞታለህ ማለት ነው። ሽማግሌው ልጆቻቸውን አስጠርተው ላሞቹን ማካፈል ሲጀምሩ፣ ነገሪ ሮጦ ገብቶ "ዱቱ! ሂን ዱቱ ልትል ነው!" ብሎ ነገሩን አስጣለ። ባዳሳም ድነው፣ ነገሪን ባገኙት ቁጥር "ያቺ ገዳዬ ደኅና ናት?" ሳይሉ አያልፉም።

እና ነገሪ አንገቱን ሳያቀና፣ ቢላውን እየሳበ፣

"ሂን ዴምታ?" አላት። ትሄጃለሽ?

ፀዳለ ቶሎ አልመለሰችም። ነገሪ ፊቷን አላየም፤ የካፖርቷን ቁልፍ ስትከፍትና ስትዘጋ ግን ይሰማዋል። ቆይታ፣ እያንዳንዷን ቃል እየረገጠች፣

"ሂን ዴማ" አለች።

ቢላው በነገሪ እጅ ቆመ። ፀዳለ አየችው። አንድ ነገር እስኪል ጠበቀች፤ እርሱ ግን ብረቱ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ።

"ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት ለዕቃዬ ትመጣለህ አይደል?"

"እመጣለሁ።"

"እሺ። እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተነሳች። ከአጥሩ ወዲያ ስትሄድ ስታንጎራጉር ሰማት።

ከዚያ ወዲያ የነገሪን ነገር አታንሱት። እሄዳለሁ ማለቷ ነው ወይስ አልሄድም ማለቷ? ቃሉን እንዳለ ከያዘው፣ ሄደች። ነገር ግን ይህቺ ሴት ጭራዋን መቼ አስተካክላ ታውቃለች? ጭራዋን ካልያዘች አልሄድም ማለቷ ነው፤ እንዲያ ሲያስብ ደስታ ከመሬት ያነሳዋል። ደግሞ ይመለስና፣ እንዴት ረጋ ብላ፣ እንዴት ረግጣ ነው የተናገረችው! አውቃበት ነው። አራት ዓመት አስተምሬ ተማረችልኝ፣ የተማረችውም በዚህች ቃል ነው፣ ይላል። እሺ፣ ዕቃዬን ውሰድልኝ ያለችውስ? አልሄድም የሚል ሰው ዕቃውን ምን ይሁን ብሎ ያስጭናል? የማንጎራጎሯ ነገር ደግሞ ከሁሉ ባሰበት። ከዚህ አገር በመገላገሏ ደስ ብሏት ነው።

ሄዶ ቢጠይቃት ያልቅለት ነበር። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ። እሄዳለሁ ነው ያልኩህ፣ አልሰማህም? ብትለውስ? ያንን ከምሰማ ሞተሩን ብሠራ ይሻለኛል አለ።

ዓርብ መሸሻ ጓርኒሲዮኗን አምጥቶ በአጥሩ ላይ አቀበለው። ነገሪ ሁለቱን ፊቶች በጨርቅ ወልውሎ፣ ጓርኒሲዮኗን ግራሶ ቀብቶ አነጠፋት። የውሃ ቀዳዳው ከውሃ ቀዳዳ፣ የዘይቱ ከዘይቱ መግጠሙን አየ፤ እንደገና አየ። ቴስታታውን ተሸክሞ አስቀመጠባት። የቴስታታ ቦሎን እንዳገኙ አይጠበቅም፤ ከመሃል ተጀምሮ፣ በመስቀል እየተዘለለ፣ ወደ ዳር ይወጣል። መጀመሪያ ለስላሳ፣ ቀጥሎ ጠበቅ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው። ዳር ዳሩን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው መሃሉን ያሳብጠዋል። ነገሪ ይህንን በእንቅልፍ ልቡ ይሠራዋል።

ዳሩ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ሐሳብ መጣበት። ይህቺን አንዷን ብቻ ላላ ባደርጋትስ? በሻሸመኔ መንገድ ካለችው ዲንሾ ሳይደርሱ ውሃ ትተፋለች። ዲንሾ ላይ ሌላ መኪና አይገኝም። ተመልሰው ጎባ ይገባሉ፣ ፀዳለ አርባ ምንጭ ሥራ የምትገባበት ቀን ያልፋል፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ማን ያውቃል? ቁልፉን ቦሎኗ ላይ አስቀምጦ ብዙ ቆመ። እጁ ግን ያለ ፈቃዱ ሳበ፤ ቦሎኗ አንዴ ሲጥ ብላ ጠበቀች። ነገሪ ቁልፉን ወረወረና ጆንያው ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ ማለት ይከብዳል፤ ዓይኑን ግን በግራሶ እጁ ጠረገ።

ቅዳሜ ጠዋት የሞቀውን ውሃ ራዲያተሩ እስኪሞላ ቀዳ። ክዳኑን ዘጋ፣ ደግሞ ከፍቶ አየ። ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ሲነካው ሞተሩ ተነሳ፤ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ለስልሶ። የማይነሳ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር። ሽቶ በሩ ላይ ቆማ አየችው። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ትሪው ትዝ ብሏት መልሳ ዘጋችው።

ፀዳለ የምትቀመጥበት የመንግሥት ቤት በር ላይ ዕቃዋ ተደርድሯል። አንድ የእንጨት ሳጥን፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ አንድ ፋኖስ። ፀጉሯን ተሠርታ አዲስ ሻሽ አስራለች።

"አካም ቡልቴ?" አለችው ፈገግ ብላ። እንዴት አደርክ?

"ደኅና" አለ በአማርኛ። ሳጥኑን አነሳ፣ ፍራሹን አነሳ፣ ጫነ። ፋኖሱን እርሷ ጭኗ ላይ ያዘችው።

መንገዱ በነገሪ ግቢ በር ነው የሚያልፈው። ሽቶ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደጅ ላይ ቆማለች። ሁለት እጇን ታወዛውዛለች፤ አፏም ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሞተሩ ግን አያሰማም። ነገሪ የእህቱ ኩርፊያ ለስንብት ሲል መሰበሩን አየ። እጁን አንስቶ አለፋት።

"አናቆምም እንዴ?" አለች ፀዳለ።

"ገና ነው። ሞተሩ አዲስ ስለገጠመ በደንብ መሞቅ አለበት።"

"እንዲህ ነው? እሺ፣ ነፋስ እንቀበላ" ብላ ወደ ኋላ ተደገፈች።

ነፋስ እንቀበላ! አንድ ቃል እንኳ ለሽቶ ሳትል፣ ዞር ብላ ሳታይ። ነገሪ መሪውን ጨብጦ ጥርሱን ነከሰ። እስከ ሮቤ ድረስ ፀዳለ ስታወራ ሄደች። ገብሱ እንዴት አምሯል አለች። በፈረስ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ እጇን አነሳች። ከእርሱ ተለይታ መሄዷ ይህን ያህል ካስደሰታት፣ እነዚያ አራት ዓመታት ምን ነበሩ? ነገሪ የሻሸመኔውን ስንብት በሆዱ ያዘጋጃል፤ መልካም መንገድ ይሁንልሽ፣ ይላታል። ከዚህ አይጨምርም። ከጨመረ ድምፁ ይከዳዋል።

ከሮቤ መውጫ ያለው ኬላ ላይ ፖሊሱ አስቆማቸው። ያኔ አገሩ ሸፍቷል እየተባለ መንገደኛ ሁሉ ይጠየቃል።

"ወዴት ነው?"

"ሻሸመኔ" አለ ነገሪ።

ፀዳለ ዞር ብላ አየችው። ፖሊሱ ፍራሹን ዳሰስ አድርጎ መንገዱን የዘጋውን እንጨት አነሳላቸው። ከዚያ በኋላ ፀዳለ ወሬዋን አቆመች። ነገሪ አንድ ሁለቴ በጎን አያት፤ ፋኖሱን በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ታያለች።

ሻያ ወንዝ አጠገብ መኪናውን አቆመ። አዲስ የገባች ጓርኒሲዮን የመጀመሪያውን ሙቀት ከቀመሰች በኋላ ተጨምቃ ትሳሳለች፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በርዶ፣ ቦሎኖቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። ይህ ካልሆነ የሳምንቱ ድካም ውሃ በላው። ነገሪ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ኮፈኑን ከፈተ። ፀዳለም ወረደች።

"ለፖሊሱ ለምን ሻሸመኔ አልከው?"

"ታዲያ ምን ልበለው?"

"ሞተር ላሞቅ ነው የወጣሁት አትለውም?"

"ሲስተር፣ የምንሄደው ሻሸመኔ ነው!"

"ማን ነው ሻሸመኔ የሚሄደው?"

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ? እኔማ አልሄድም ብዬሃለሁ!" አለች ፀዳለ። "ሐሙስ ጠይቀኸኝ መለስኩልህ። ሂን ዴማ አልኩህ!"

ነገሪ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። "ሂን ዴማ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እሄዳለሁ ነው።"

ፀዳለ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ለብቻው ሲያሰላ ይታያል፤ ዴማ፣ ዴሙ፣ ዴማ። ከዚያ አፏን በመዳፏ ያዘች።

"ወይኔ ጉዴ! እንዳልሳሳት ብዬ እኮ ነው እንደዚያ የቆየሁት!"

ሳቅ አፈነዳት። ነገሪም ሳቀ፤ የላንድሮቨሩን የፊት ብረት ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ። እየሳቀች ነገረችው። ዝውውሩን እምቢ ብላለች፤ በእርሷ ፈንታ ሌላ ነርስ ይፈለጋል። የመንግሥት ቤቱ ግን አስቀድሞ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር፣ ለቅዳሜ ልቀቂ ተብላለች። ሽቶ ደግሞ እኔ ዘንድ ትሰነብታለሽ ብላ ጓዳውን አስተካክላላታለች።

"ሽቶ አልነገረችህም?"

"ሽቶማ በትሪ አኩርፋኛለች!"

"ያ ሁሉ እጅ ማወዛወዝ፣ ቁሙ ማለቷ ነበር እኮ!"

እንደገና ሳቁ። ፀዳለ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ወረደ።

"ቆይ ግን፣ ነገሪ። አንተ እሄዳለሁ ያልኩህ ነው የመሰለህ?"

"አዎ።"

"ከሐሙስ ጀምሮ?"

"አዎ።"

"እና ዝም ብለህ ሞተርህን ገጠምክ።"

ነገሪ ቁልፉን ከእጁ አስቀመጠ።

"እኔ ዘመድ በሌለኝ አገር ልቅር ብዬ ቆርጬ፣ መጀመሪያ የነገርኩት ለአንተ ነው። ምንም ስላላልከኝ አፍሮ ነው፣ ደስ ብሎት ነው አልኩ። ስዘፍን ነው የሄድኩት፣ ታውቃለህ? አንተ ግን ጭነህ ልታወርደኝ ነበር። ሻሸመኔ ላይ ምን ልትለኝ ነበር?"

መዋሸት ይችል ነበር። "መልካም መንገድ" አላት።

ፀዳለ ራሷን ነቀነቀች። ወደ መንገዱ ዞራ ጀርባዋን ሰጠችው።

"እንዲያ ከሆነማ መንገዱ ይኸው ነው፤ አርባ ምንጭም ገና ቦታው አልተያዘም። ሞተርህ ሲበርድ ንገረኝ።"

ነገሪ መዳፉን ቴስታታው ላይ አሳረፈ። ያቃጥላል። ሳምንቱን ሙሉ ጊዜው አልሄድ ብሎት ሲቁነጠነጥ የከረመ ሰው፣ አሁን ይህ ብረት በርዶ ባያልቅ ብሎ ተመኘ። ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ብረቱ ከእጁ ስር እየለዘበ ሲሄድ ይታወቀዋል። ሲበርድ ያበቃል። ቁልፉን ያነሳል፣ ያጠብቃል፣ እርሷም ትገባና ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ እርሱም ይነዳል። ራሱን ያውቀዋል። ዝም ብሎ ይነዳል።

"ፀዳለ" አለ።

ሲስተር ሳይላት ሲቀር የመጀመሪያው ነበር። ዞር አላለችም።

"አትሂጂ።"

ነፋሱ ሻሿን ያንቀሳቅሰዋል። እርሷ አትንቀሳቀስም።

"አትሂጂ" አለ ደግሞ ጮክ ብሎ። "ሞተሩን ያቃጠልኩት ተዛወርኩ ስትዪኝ አእምሮዬን ስለሳትኩ ነው። ውሃ መሙላት ረሳሁ፤ እኔ! ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። እወድሻለሁ። ትናንት ደግሞ አንዷን ቦሎን አላልቼ መንገድ ላይ ላስቀርሽ ነበር።"

አሁን ዞረች። "ለምን አላላላሃትም?"

"እጄ እምቢ አለኝ።"

"እጅህስ ደኅና ነው" አለች ፀዳለ። "ያስቸገረው ሌላው ነው።"

ወደ ሞተሩ መጥታ ከእርሱ መዳፍ ጎን መዳፏን አሳረፈች።

"በርዷል" አለች።

"በርዷል።"

"አጥብቀዋ እንግዲህ።"

ነገሪ ከመሃል ጀመረ። አንዷንም ቦሎን አልዘለለም። ሲጨርስ ቁልፉን በጨርቅ ጠርጎ ኮፈኑን ዘጋ። ፀዳለ ገብታ ተቀምጣ ፋኖሷን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

"መልሰኝ" አለችው።

ነገሪ ሞተሩን አልነካም። ካሁን ወዲያ መገመት አይፈልግም።

"ወዴት?"

"ሽቶ ወደምትጠብቀኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አባቴ ደብረ ብርሃን አለ። ሽማግሌህን ጭነህ እዚያ ድረስ ትሄዳለህ፤ እሺ ማለትና እምቢ ማለት የእርሱ ነው፣ ቀጥሎም የእኔ ነው። መኪና አለህ። አሁን ደግሞ ተመስገን፣ አፍ አውጥተሃል።"

ነገሪ መኪናውን ወደ ጎባ አዞረ።